ጠመንጃው በምን ይጎርሳል?

የታሪክ ተማሪዎች ጠመንጃ መቁጠር እንወዳለን፡፡ በትምህርት ክፍላችን የሚቀርቡትን የቡድን ሥራዎችና የመመረቂያ ጽሑፎች የተመለከተ ሰው ይህን አይክደኝም፡፡ «ከጣሊያን ይህን ያህል ሺ ገባ፤ ከግብፅ ይህን ያህል ሺ ተማረከ፤ ለእገሌ ይህን ያህል ተሰጠ» እንልና ወደሚቀጥለው ንዑስ ርዕስ እናልፋለን፡፡ እኔ ተወልጄ ያደግሁት ሐይቅ ነው፤ በስተሰሜን ውጫሌ፣ በስተምዕራብ መቅደላ ጎረቤቶቼ ናቸው፡፡ ስለዚህ ይህ የቆጠራ ነገር በተደጋገመ ቁጥር ጆሮዬ ላይ ይቀራል፡፡ ግን እኮ ቆጠራው ብቻውን ብዙም አይነግረንም፡፡ ጠመንጃው በየት በኩል ይጎርሳል? ከተተኮሰ በኋላ ቀለሁን የሚያወጣለት ማን ነው፣ ሰው ነው ወይስ ራሱ? ሁለተኛውን ጥይት እስኪጎርስ ድረስስ ተኳሹ ምን ያህል ጊዜ ባዶውን ይቆማል? በእኔ እምነት እነዚህን ጥያቄዎች ያልጠየቀ ሰው ስለ መቅደላም፣ ስለ ውጫሌም፣ ስለ አድዋም የሚጽፈው ግማሹን ነው፡፡ ይባስ ብሎም ዛሬ በየቤቱ የተሰቀለውን መሣሪያ በቅጡ አያውቀውም፡፡

አባቶቻችን ግን ያውቁት ነበር፤ ቋንቋችን ምስክር ነው፡፡ አማርኛ ለጠመንጃ አፍ ሰጥቶታል፡፡ ጥይት ይጎርሳል፤ በማዕድ ዙሪያ እንደምንጎራረሰው ማለት ነው፡፡ ጥይቱን ወደ ውስጥ የሚያስገባውን የብረት እንቅስቃሴ ማቀባበል እንለዋለን፤ አንዱ ሰጪ ሌላው ተቀባይ ነውና፡፡ የተቃጠለውን ቀለህ ይተፋል፡፡ ቀለሁ አልወጣም ብሎ ሲቀረቀር ነከሰ ይባላል፡፡ ጥይቱ ሳይነሳ ከቀረ ከሸፈ ነው፤ ዕቅድም ስብሰባም ይከሽፋል፡፡ እነዚህን ቃላት ያወጣው ሰው የጦር መሐንዲስ አልነበረም፡፡ ሆኖም በብረቱ ውስጥ የሚሆነውን በዓይኑ አይቶ ነው ስም ያወጣለት፡፡ እኛ ቃሉን ወርሰን ነገሩን ጣልነው፡፡

እስቲ ከመቅደላ እንነሳ፡፡ የአፄ ቴዎድሮስ ወታደር የያዘው ጠመንጃ በአብዛኛው በአፈሙዙ በኩል የሚጎርስ ነበር፡፡ ተኳሹ ባሩዱን በአፈሙዙ ያፈሳል፤ አረሩን ይከትበታል፤ በዘንግ እየገፋ እስከ ታች ድረስ ያወርደዋል፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ኋላ ዞሮ ወይ የሚጨሰውን ገመድ ያሰናዳል፣ ወይ ካፕሱሉን ያለብሳል፡፡ ይህን ሁሉ ሲያደርግ መቆም ወይም ቢያንስ መንበርከክ አለበት፡፡ በሆዱ ተኝቶ ዘንግ ማውረድ የማይመች ነገር ነው፡፡ የሠለጠነ እጅ እንኳ በደቂቃ ከሁለትና ከሦስት ጊዜ በላይ አይተኩስም፡፡ ስለዚህ አንዴ ከተኮሰ በኋላ ለ20 ወይም ለ30 ሰከንድ ያህል ጠመንጃ ሳይሆን ዱላ ነው የያዘው ማለት ይቻላል፡፡ ሴባስቶፖልም ቢሆን፣ እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ያለውን 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ ማለቴ ነው፣ የሚጎርሰው በአፉ ነው፡፡

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ በታች፣ አሮጌ በተባለው ሜዳ ላይ፣ በፊታውራሪ ገብርዬ የሚመራው ጦር ቁልቁል ወርዶ እንግሊዞችን ገጠመ፡፡ ከእንግሊዞቹ ወገን 4ኛው እግረኛ ሬጅመንት የያዘው ስናይደር የሚባለውን ጠመንጃ ነበር፡፡ ስናይደር በትልቅ ዘመቻ ላይ ሲፈተን ያ የመጀመሪያው ነው፡፡ የሚገርመው አዲስ ጠመንጃ እንኳ አልነበረም! እንግሊዞች የቀድሞውን በአፈሙዝ የሚጎርስ ኤንፊልድ ወስደው የኋላውን ጫፍ ቆረጡት፤ ጃኮብ ስናይደር የተባለ አሜሪካዊ የፈለሰፈውን በማጠፊያ የሚከፈት ክዳን ገጠሙበት፤ በ1866 እ.ኤ.አ. ለጦራቸው አጸደቁት፡፡ አፈሙዙ ያው ነው፣ ሰደፉ ያው ነው፣ ቃታው ያው ነው፡፡ የተለወጠው አፉ ብቻ ነው፤ ከፊት ወደ ኋላ ዞረ፡፡

ተኳሹ ክዳኑን ወደ ቀኝ ይከፍታል፤ ባሩዱና አረሩ በአንድ ቀለህ የተሰናዳለትን ጥይት ይከታል፤ ይዘጋል፤ ይተኩሳል፡፡ ከዚያ ክዳኑን መልሶ ከፍቶ ወደ ኋላ ሲስበው ጥፍር የምትመስል ትንሽ ብረት ቀለሁን ከማደሪያው ጎትታ ታወጣዋለች፡፡ ታወጣዋለች እንጂ አትጥለውም፡፡ ስለዚህ ወታደሩ ጠመንጃውን ገልበጥ ያደርገዋል፤ ቀለሁ መሬት ላይ ዱብ ይላል፡፡ አሠራሩ ይህን ያህል ቀላል ነው፡፡ በዚህ ዘዴ ግን በደቂቃ 10 ጊዜ ያህል መተኮስ ይቻል ነበር፤ ያውም ተኝቶ፣ ከድንጋይ ጀርባ ሆኖ፡፡

በዚያ ከሰዓት በኋላ ከእኛ ወገን ወደ 700 የሚጠጋ ሰው አለቀ፤ ፊታውራሪ ገብርዬም ወደቁ፡፡ ከእንግሊዞቹ ወገን የቆሰለው 20 ያህል ነው፡፡ መድፍና ሮኬትም እንደነበራቸው አልዘነጋሁም፡፡ ደግሞም አብረዋቸው ከዘመቱት የሕንድ ወታደሮች ውስጥ በአፈሙዝ የሚጎርስ የያዙ ነበሩ፡፡ ቢሆንም አሮጌን ስናስተምር ስለ ጀግንነትና ስለ ዕድል ብዙ እንላለን፤ በ30 ሰከንድና በ6 ሰከንድ መካከል ስላለው ልዩነት ግን አንናገርም፡፡ ያን ቁልቁለት በሩጫ የወረደ ሰው በሁለት ተኩስ መሐል የሚያገኛት ክፍተት፣ ተጠግቶ በጦርና በጎራዴ የሚገጥምባት ክፍተት፣ ተወስዳበት ነበር፡፡ የሀገሬው ሰው ግን ነገሩን ወዲያው ገብቶታል ባይ ነኝ፤ የጠመንጃውን ስም ሰናድር ብሎ አስቀርቶታልና፡፡

ከዚያ ወዲህ ያለው የ28 ዓመት ታሪክ፣ ከመቅደላ እስከ አድዋ ማለት ነው፣ የአፉ ታሪክ ነው፡፡ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ግብፆች ሲሸነፉ የአፄ ዮሐንስ ጦር የማረከው ሬሚንግተን በሺዎች የሚቆጠር ነበር፡፡ ሬሚንግተን መዶሻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ትስበዋለህ፤ ቀጥሎ የኋላ መዝጊያውን እንዲሁ በአውራ ጣት ታሽከረክረዋለህ፤ አፉ ተከፈተ፡፡ ጥይቱን አጉርሰህ መልሰህ ትዘጋዋለህ፡፡ ሲተኮስ መዶሻው ራሱ ከመዝጊያው ሥር ገብቶ ይቆልፈዋል፡፡ ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹ በጣም ጥቂት ስለሆኑ አቧራና ጭቃ ብዙም አያስቸግሩትም፡፡ ገበሬ ወታደር በአንድ ቀን ይማረዋል፡፡

አሁን የቆጠራውን ወጥመድ ላሳያችሁ፡፡ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ ተነስቶ ለንጉሥ ምኒልክ መሣሪያ ይዞ ሸዋ ገብቷል፡፡ የያዘው ከ2,000 የሚበልጥ ባለካፕሱል ጠመንጃና 60,000 የሬሚንግተን ጥይት ነበር፡፡ የእኛ ተማሪ ይህን አግኝቶ «ምኒልክ በዚያ ዓመት 2,000 ጠመንጃ አገኙ» ብሎ ይጽፋል፡፡ አገኙ፤ ግን ምን ዓይነት? ባለካፕሱሉ የቀድሞው ዘመን ጠመንጃ ነው፤ አውሮፓ ጥሎታል፡፡ ጥይቱ ደግሞ የአዲሱ ዘመን ነው፡፡ በአንድ ሲራራ ግመሎች ላይ ሁለት ዘመን ተጭኖ መጣ፤ አንዱ ሌላውን መጉረስ አይችልም፡፡ በዚያው ሰሞን፣ በጥቅምት 1880 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ለምኒልክ 5,000 ሬሚንግተን ለመስጠት ስትዋዋል፣ እነዚያ 5,000 ከራምቦ 2,000 ጋር በአንድ መስመር የሚደመሩ አይደሉም፡፡ እኛ ግን ደምረን «7,000» እንላለን፡፡ ሂሳቡ ትክክል ነው፣ ታሪኩ ስህተት ነው፡፡

ወደ አምባሰል ልመለስ፡፡ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመውን ውል ያልሰማ የለም፡፡ ስለ አንቀጽ 17 ሕፃን ልጅ እንኳ ያወራል፤ በአማርኛው «ይችላል»፣ በጣሊያንኛው «ግዴታ አለበት» የሚለው ክርክር የታወቀ ነው፡፡ አንቀጽ 6ንስ? የጦር መሣሪያና ጥይት በምፅዋ በኩል በነፃ የሚያልፈው ለንጉሥ ምኒልክ ብቻ እንዲሆን የተዋዋሉበት አንቀጽ ነው፡፡ እኔ ይህን አንቀጽ ከ17ኛው አሳንሼ አላየውም፡፡ ምክንያቱም ጠመንጃው ከበስተኋላው መጉረስ ከጀመረ ወዲህ አንድ አዲስ ነገር ተፈጥሯል፡፡

በአፈሙዝ የሚጎርሰው ጠመንጃ ሆዱ ሰፊ ነው፤ ያገኘውን ይበላል፡፡ ባሩዱን አገር ቤት ቀምመህ፣ አረሩን ምድጃህ ላይ አቅልጠህ ታጎርሰዋለህ፡፡ በኋላው የሚጎርሰው ግን ምግብ ይመርጣል፡፡ በልኩ የተሠራ የናስ ቀለህ ካልሆነ አይቀበልም፤ ትንሽ ከወፈረ አይገባም፣ ትንሽ ከቀጠነ ይሰነጠቅና ይነክሳል፡፡ ያን ቀለህ ደግሞ በዚያ ዘመን የሚሠራው የአውሮፓ ፋብሪካ ነው፡፡ እንግዲህ ፍጥነቱን ስናገኝ ጥገኝነቱንም አብረን አገኘን፡፡ በጠመንጃው አፍና በምፅዋ ወደብ መካከል ገመድ ተዘረጋ፡፡ አንቀጽ 6 የዚያ ገመድ ውል ነው፡፡ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ሲያፈርሱ የፈረንሳዮችን የጅቡቲ በር አስቀድመው ይዘው ነበር፤ ይህም ጥይት ሳይጎድልባቸው «አልቀበልም» ለማለት አስችሏቸዋል፡፡

በዚያ በር በብዛት የገባው ውጅግራ ነው፡፡ ስሙ «ፉዚል ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ የመጣ ነው፤ ግራ የመኮንኑ ስም ነው፡፡ ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. አጸደቁት፤ በ1886 ሌበልን ሲይዙ ደግሞ ውጅግራቸው ትርፍ ሆነና ወደ እኛ ፈሰሰ፡፡ ውጅግራ ማቀባበያ ያለው ነው፤ እጀታውን ቀና አድርገህ ወደ ኋላ ትስባለህ፣ ቀለሁ ተጎትቶ ይወጣል፣ አንዲት ጥይት በእጅህ ታጎርሳለህ፣ ትዘጋለህ፡፡ ካዝና የለውም፤ አንድ ጊዜ አንድ ጉርሻ ነው፡፡ የውጅግራ ጥይት በየገበያው እንደ ገንዘብ ያገለግል እንደነበር ይታወቃል፡፡ ባዶው ቀለህም አይጣልም፤ አዲስ ካፕሱልና ባሩድ ተሞልቶ ዳግመኛ ይጎረስ ነበር፡፡ የእኔ አያት ኩሏን የምታኖረው በውጅግራ ቀለህ ውስጥ ነበር፤ አፉን በእንጨት ውታፍ ደፍና፡፡ ልጅ ሆኜ ይህ ነገር ለኩል ተብሎ የተሠራ ይመስለኝ ነበር፡፡

አድዋ ላይ ብዙ መቆየት አልፈልግም፤ ብዙ ተጽፎበታል፡፡ አንድ ነገር ብቻ፡፡ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጣሊያን ወታደር የያዘው ቬተርሊ ነበር፤ ከበስተሥሩ አራት ጥይት የሚይዝ ሳጥን የተገጠመለትም፣ አንድ በአንድ የሚጎርሰውም ነበረበት፡፡ ካርካኖ የሚባለው አዲሱ ጠመንጃቸው ከተሠራ አምስት ዓመት ሆኖት ሳለ፣ የድሮው ጥይት ክምችት እንዲያልቅ ተብሎ አሮጌው ተሰጣቸው፡፡ የእኛ ሰው ደግሞ ውጅግራና ሬሚንግተን፣ የማረከውንም ቬተርሊ ጭምር ይዟል፡፡ በሁለቱ መካከል ያለው የማጉረሻ ልዩነት አሮጌ ላይ እንደነበረው አይደለም፤ የለም ማለት ይቻላል፡፡ ቁጥር ትርጉም የሚኖረው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ብዛትም፣ ቆራጥነትም፣ የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛም የሚለካው አፍ ከአፍ እኩል ሲሆን ነው፡፡

በ1928 ዓ.ም. ነገሩ እንደገና ተገለበጠ፡፡ ሠራዊታችን በአንድ መስመር ላይ ውጅግራም፣ ምንሽርም፣ አዲሱን በልጅግም ይዞ ነበር የሚሰለፈው፤ እያንዳንዱ የየራሱን ጥይት ይፈልጋል፡፡ ጓደኛህ ጥይት ተርፎት አንተ ባዶ እጅህን ልትቆም ትችላለህ፡፡ በ1935 እ.ኤ.አ. በሁለቱም ተዋጊዎች ላይ የተጣለው የመሣሪያ ማዕቀብ የጎዳው የራሱ ፋብሪካ የሌለውን እኛን ነበር፡፡ ከማይጨው የተመለሰው ጦር የወረደው፣ ጣሊያንም ደሴን ለመያዝ የመጣው በወልድያ፣ በውጫሌ፣ በሐይቅ በኩል ባለው መንገድ ነው፡፡ ከጣሊያን የተማረከው ካርካኖ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፡፡ ስድስቱን ጥይት የሚያቅፍ ትንሽ ቆርቆሮ አለችው፤ ጥይቱ ከነቆርቆሮው ነው የሚገባው፡፡ የመጨረሻው ጥይት ሲጎረስ ቆርቆሮዋ ከታች ባለው ቀዳዳ ትወድቃለች፡፡ ያችን ቆርቆሮ ከሣር ውስጥ ፈልጎ ያላነሳ ሰው ጠመንጃው ተመልሶ እንደ ውጅግራ አንድ በአንድ ጎራሽ ይሆንበታል፡፡

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ፡፡ ከደርግ ዘመን ወዲህ በወሎ ገጠር ውጅግራውንና ምንሽሩን የተካው ክላሽ ነው፡፡ ክላሽ ከቀድሞዎቹ የሚለየው በፍጥነቱ ብቻ አይደለም፡፡ ራሱን በራሱ ያጎርሳል፡፡ ጥይቱ ሲተኮስ ከሚፈጠረው ጋዝ ጥቂቱ አፈሙዙ ላይ ባለ ቀዳዳ ሾልኮ ዘንግ ይገፋል፤ ዘንጉ ማቀባበያውን ወደ ኋላ ይወረውረዋል፤ ቀለሁ ተስቦ በቀኝ በኩል ይፈነጠራል፤ ሞላው ማቀባበያውን ሲመልሰው ከካዝናው አዲስ ጥይት ገፍቶ ያስገባል፡፡ ሰውየው የሚሠራው ቃታ መሳብ ብቻ ነው፡፡ እዚህ ላይ ነው እኔን የሚያሳስበኝ፡፡ ውጅግራ የያዘ ሰው ጠመንጃው መጉረሱንና አለመጉረሱን ያውቃል፤ በገዛ ጣቱ ነው ያጎረሰው፡፡ ክላሽ ወይም ሽጉጥ የያዘ ሰው ግን አያውቅም፤ አጉራሹ ብረቱ ራሱ ነው፡፡

ሠርግ ላይ ይተኮሳል፣ ለቅሶ ላይ ይተኮሳል፡፡ ከዚያ ባለቤቱ ካዝናውን ይነቅልና «ባዶ ነው» ብሎ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል፡፡ አይደለም! ካዝናው ተነቀለ እንጂ የጎረሳት አንዲት ጥይት እዚያው ጉሮሮው ውስጥ አለች፡፡ ሌላው ደግሞ ጠንቃቃ ነኝ ብሎ መጀመሪያ ያቀባብላል፤ አንዷ ጥይት ወጥታ ስትወድቅ ደስ ይለዋል፤ ከዚያ ካዝናውን ይነቅላል፡፡ ይህኛውም ያው ነው፤ ማቀባበያው ሲመለስ ከካዝናው ሌላ ጥይት አጉርሷልና፡፡ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ካዝናውን መንቀል፣ ቀጥሎ ማቀባበያውን መሳብ፣ ከዚያ ጉሮሮውን በዓይን ማየት ነው፡፡ ይህን የማያውቅ ስንት ባለጠመንጃ አለ! በሰፈራችን በእንዲህ ያለ «ባዶ» ጠመንጃ የሄደ ልጅ አለ፤ ስሙን አላነሳም፡፡ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ማን መሣሪያ መያዝ እንደሚችል ደንግጓል፤ መልካም ነው፡፡ የብረቱን ባሕርይ ማስተማር ግን አንዱ ሥራ የተማረው ሰው ነው፡፡

አንዳንድ መምህራኖቻችንና ጓደኞቼ ይህን ሐሳብ ሳነሳ ፊታቸውን ያጠቁራሉ፡፡ «አገሩ በጠመንጃ ተቸግሮ ሳለ አንተ ደግሞ የጠመንጃ ሆድ ዕቃ እናጥና ትላለህ?» ይላሉ፡፡ ሐሳባቸው ይገባኛል፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በሐይቅና በአምባሰል ሲያልፍ እኔም እዚያው ነበርኩ፡፡ ነገር ግን ጠመንጃን የሚያስውበው ዕውቀት ሳይሆን ሽለላው ነው፡፡ ክፍት አፉን፣ ጥፍሩን፣ ሞላውን ያየ ሰው ብረት መሆኑን ያያል፡፡

ደግሞም ለትምህርት ክፍላችን የሚጠቅም ሌላ ነገር አለ፡፡ በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ከአረሩ በቀር የሚተወው ነገር የለም፤ ቀለህ የሚተፋው ግን መሬት ላይ ይጽፋል፡፡ በአሜሪካ ሊትል ቢግ ሆርን የተባለው የ1876 እ.ኤ.አ. የጦር ሜዳ ሣሩ በቃጠሎ ከነደደ በኋላ፣ በ1984 የከርሰ ምድር ተመራማሪዎች ሜዳውን እየዞሩ የወደቁትን ቀለሆች አንድ በአንድ መዘገቡ፡፡ እያንዳንዱ ጠመንጃ ቀለሁ ላይ የመርፌውን ምትና የጎታች ጥፍሩን ጭረት ይተዋል፤ ከአንዱ ጠመንጃ የወጣው ከሌላው ይለያል፡፡ በዚህ ዘዴ አንድ ተኳሽ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሄደ ሳይቀር ተከታተሉ፡፡ እኛ አሮጌ አለን፤ ከማይጨው እስከ ደሴ የወረደው መንገድ አለን፡፡ ቀለሁን ግን ልጆች ለቀመው ለቁራሌው ይሸጡታል፣ አንጥረኛ ያቀልጠዋል፡፡ የደሴ ሙዚየምም በ2014 ዓ.ም. ስለተዘረፈ በእጃችን የቀረው ከወትሮው ያነሰ ነው፡፡

ስለዚህ በሚመጣው የመስክ ጉዞ ወደ ውጫሌ ስንወጣ በመጠይቃችን ላይ «ጠመንጃ ነበራችሁ ወይ?» የሚለው ብቻ አይቅር፡፡ ስሙ ማን ነበር፣ በየት በኩል ይጎርስ ነበር፣ ጥይቱ ከየት ይመጣ ነበር፣ ቀለሁንስ ምን ታደርጉት ነበር ብለን እንጠይቅ፡፡ ሰናድር በእጃቸው ገልብጠው ቀለህ ያራገፉት የሉም፤ አባታቸው ሲያደርግ አየሁ የሚሉ ግን ምናልባት አንድ ሁለት አይጠፉም፡፡ ቀለህ የሚያሳየን ሰው ከተገኘ ደግሞ የተገኘበት ቦታ እንዲመዘገብ፣ የግርጌው ጽሑፍና የጥፍሩ ጭረት በቅርብ ፎቶግራፍ እንዲነሳ፣ ቀለሁም ለባለቤቱ እንዲመለስ ሐሳብ አቀርባለሁ፡፡ ያልተተኮሰ ጥይት የሚያመጣ ካለ ግን ማንም እንዳይነካው፡፡